ከብት ለምትጭኑ፦ ይህን የኮምቦልቻ በያጅ እወቁልኝ

ከባቲ የሰኞ ገበያ ሰንጋ ገዝታችሁ በአይሱዙ ወደ ደሴ የምታመጡ ሰዎች የምለው ይገባችኋል። መኪናው የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አንዱ በሬ ተንሸራቶ ይወድቃል። ገመዱ ይወጠራል፣ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይታነቃል። ረዳቱ ቢላ ይዞ በቀንድና በሰኮና መሃል ይገባል። ቢላው የት እንደሚያርፍ አላህ ነው የሚያውቀው።

ከዚህ ጣጣ በሠራልን የገመድ መንጠቆ የገላገለን ኮምቦልቻ ያለ በያጅ ነው። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላለኝ አልጽፍም።

ባለ ስፕሪንጉ ተራ መንጠቆ የሚከፈተው ገመዱ ሲላላ ነው። እሱ የሠራልን ግን ተወጥሮም ይፈታል። ሥሩ ላይ በብሎን የሚታጠፍ ረጅም ምላስ አለው፤ ጫፉን ቀለበት ይይዘዋል። ገመዱ የሚያርፈው ከሥሩ አጠገብ ስለሆነ ቀለበቱ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ትንሽ ነው። ቀለበቱን ገፋ ሲያደርጉት ምላሱ ይገለበጣል፣ ገመዱም ይለቃል። ስፖንዳው (የጭነት ሳጥኑ ጎን) ላይ ስለተገጠመ ሾፌሩ መኪናውን ካቆመ በኋላ ረዳቱ ውጭ ሆኖ ይፈታዋል።

መፍታቱስ ይሁን። እኔን የገረመኝ ሳይፈለግ እንዳይፈታ መጨነቁ ነው። በሬ ቀንዱን ሲያሽ ቀለበቱን ሊገፋው ይችላላ! ስለዚህ ቀለበቱን የምትቆልፍ ፒን ጨመረ፤ እሷም እንዳትጠፋ በሲባጎ አሰራት። ፌሮ ይዘንለት ብንሄድ "ሲበየድ ሊሰነጠቅ ይችላል" ብሎ መለሰን። ገመድ የሚነካውን ጠርዝ ሁሉ በሞረድ አለሰለሰ። ከዚያ በርሜል ሙሉ ውሃ ሰቅሎ ሞከረው። ያዘ። እሱ ግን "በሬ ሲንደረደር ከዚህ ይብሳል" ብሎ እንደገና አወፍሮ ሠራው። ማን ጠየቀው? ማንም።

ሲያስረክበንም አስጠንቅቆ ነው። ስትፈቱ በገመዱ አቅጣጫ አትቁሙ፣ የተወጠረ ናይለን ሲለቀቅ ይገርፋል። ለማሰሪያ እንጂ ዕቃ ለማንጠልጠያ አይሆንም። ፒኗ ከተበላች ቀይሩ።

ዋጋው ከተራው መንጠቆ ወደድ ይላል። "ነገ ውሰዱ" ካላችሁ ደግሞ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ አላህ ይስጥልን። ረዳታችንም ዱዓ እያደረገልህ ነው።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። አርብ በጁምዓ ሰዓት አታገኙትም። ስትሄዱ የምታስሩበትን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚለካው በእሱ ውፍረት ነው።