የቅዳሜ ጠዋቱ ረጅም ጠረጴዛ፦ ሐዋሳ ውስጥ ፕሮግራመሮች የሚገናኙበት ካፌ

ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲወርዱ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ አንድ ካፌ አለ። ስለዚህ ቤት መጀመሪያ የነገረኝ የክፍያ ሶፍትዌር የሚከታተል ወዳጄ ሲሆን፣ «ቡናው ጥሩ ነው፤ ጨዋታው ግን ይበልጣል» ብሎኝ ነበር። ቤቴ ተቀምጬ ኮድ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው በመሆኔ፣ ከሙያ ባልደረባ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ምን ያህል እንደሚናፍቅ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ወራት ከሁለት ቅዳሜ በቀር ቀርቼ አላውቅም፤ ይህንን የምጽፈውም ቤቱን በደንብ ካየሁት በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ልናገር። በሩ አጠገብ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦት ተዘርግቷል፤ ቡናውም የሚቆላው እዚያው፣ ደንበኛው እያየ ነው። የሲዳማ ቡና ነው፤ ሽታው በረንዳ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሳይቀር ያነቃል። ማኪያቶው ወተት ስለሚበዛበት፣ ጠቆር ያለ የሚወድ ሰው ሲያዝ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። ጨጨብሳው በንጥር ቅቤና በማር የሚቀርብ ሲሆን ለሁለት ሰው ይበቃል። ሳንዱቹን ግን አልመክርም፤ ዳቦው ብዙ ጊዜ የትናንት ነው።

ወደዚህ ቤት ሰው የሚያመላልሰው ግን በውስጠኛው ክፍል ያለው ረጅም ጠረጴዛ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ከአሥር የማያንሱ የሶፍትዌር ሰዎች በዙሪያው ይሰበሰባሉ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ሰርቨሮችን የሚጠብቅ አለ፤ ድረ ገጽ የምትሠራ አለች፤ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎችም አይጠፉም። አንዱ ከስልኩ ላይ የሳምንቱን የቴክኖሎጂ ዜና ርዕስ ያነባል፤ ንባቡ ሳያልቅ ሌላው ይቀልድበታል፤ ከዚያ ቀልዱን የሚያስረዳ ሰው ይነሣል። እኔ የወደድኩት ይህንን ሦስተኛውን ነው።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ችግር ወደ ፈጠረበት ቀን ዞረ። ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ የተለቀቀ የደኅንነት ሶፍትዌር ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ የስሕተት ገጽ ላይ አቁሞ አውሮፕላን ማረፊያዎችንና ሆስፒታሎችን ያስቸገረበት ቀን ነው። «በሚካኤል ቀን ሥራ አይነካም ሲባል አልሰሙም» አለ ከጠረጴዛው ጫፍ አንዱ። «ሚካኤሉስ ይቅር፤ ዓርብ አይደለም እንዴ? ነገ ዕረፍት ሆኖ ዓርብ ቀን ማን ዲፕሎይ ያደርጋል፣ አዲስ ኮድ ሥራ ላይ ያውላል?» ብላ ድረ ገጽ የምትሠራዋ ልጅ ስትመልስለት ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ስቆ ካበቃ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግን ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?» ብሎ ጠየቀ። የፋብሪካው ሰርቨር ጠባቂ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቡና ወደምታፈላው ልጅ ዞሮ «የኔ እህት፣ ረከቦቱን ላንድ አፍታ ታውሺኛለሽ?» አላት። ስድስት ሲኒዎችን በአንድ መስመር ደረደረና ጀበናውን ከመጨረሻው ሲኒ ቀጥሎ አስቀመጠ። ከዚያም ተማሪውን «ዓይንህን ጨፍን፤ ከግራ እየዳሰስክ ቁጠርና ሰባተኛውን ሲኒ አንሣ» አለው። የልጁ ጣት ስድስተኛውን ሲኒ አልፎ ትኩሱን ጀበና ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እጁን ያዘለት። «አየህ፣ ሰባተኛ ሲኒ የለም፤ እጅህ ግን የለም ብሎ አልተመለሰም፣ ያገኘውን ሊነካ ሄደ። እዚያም ፕሮግራሙ 21 ግብዓቶች ጠበቀ፤ የቀረበለት 20 ብቻ ነበር። 21ኛውን አነባለሁ ብሎ ከተፈቀደለት ሜሞሪ ውጭ እጁን ሰደደ። የሚሠራው ደግሞ የዊንዶውስ ከርነል፣ ማለትም እምብርቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲወድቅ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደቀ።» እኔ ስለዚህ ስሕተት ረጃጅም ሪፖርቶች አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ረከቦት ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

የአማዞን የደመና አገልግሎት (ኮምፒውተር በኢንተርኔት የሚያከራየው) ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲቋረጥ ስናፕቻትና ሲግናልን የመሳሰሉ አገልግሎቶች አብረው ተቸግረው ነበር። የዚህን ምክንያት ደግሞ ጠረጴዛው በቀበሌ ቋንቋ ነው የተረጎመው። በሰሜን ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ማእከል ዳይናሞዲቢ የተባለውን የመረጃ ቋት አድራሻ የሚያድሱ ሁለት አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ተቀዳደሙ፤ የዘገየው አሮጌውን ዝርዝር በአዲሱ ላይ ሲጽፍ፣ ሌላው ዝርዝሩ ያረጀ መሆኑን አይቶ ሰረዘው፤ አድራሻውም ባዶ ሆኖ ቀረ። «ታዲያ ይህ መዝገብ ቤት አይደለም እንዴ?» አለ የክፍያ ሶፍትዌር የሚከታተለው ወዳጄ። «አንደኛው ጸሐፊ አሮጌ ፋይል መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፤ ሁለተኛው ጊዜው አልፎበታል ብሎ ጣለው፤ ባለጉዳዩ ሲመጣ ‹ፋይልዎ የለም› ተባለ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ሰርቨር አልገኝ ሲል «ፋይልዎ የለም» ማለት የተለመደ ሆኗል።

መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኤክስዚ (ፋይል የሚያጨምቅ ነፃ ሶፍትዌር) ጉዳይም በተደጋጋሚ ይነሣል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ አንድ ኮምፒውተር በርቀት ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስቀምጥ ብሎት ምክንያቱን ሲከታተል፣ ጂያ ታን በሚል ስም የሚታወቅ ሰው የፕሮጀክቱን እምነት ለዓመታት ካተረፈ በኋላ የደበቀውን የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ አገኘ። «ግማሽ ሰከንድ!» አለች ድረ ገጽ የምትሠራዋ ልጅ፤ «እኛ እኮ ግማሽ ደቂቃ ስንጠብቅ ‹ዛሬስ ኔትወርኩ ፈጣን ነው› ነው የምንለው። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ያ መሐንዲስ ምንም ሳይጠረጥር በሰላም ይኖር ነበር።» ሳቁ እንዳበቃ ግን፣ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበትን ነፃ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ) ማን እንደሚያስተዳድረው አንድ በአንድ መመልከት ጀመሩ። እኔም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ በምሠራበት ፕሮጀክት ውስጥ ያሉትን ሁሉ መረመርኩ፤ ሁለቱ ከተነኩ ዓመታት አልፏቸው ነበር።

በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ዜና ላይ የሚቀለደው ቀልድ ትንሽ ይለያል፤ ምክንያቱም ተማሪዎቹ እየሳቁም ፊታቸው ላይ ሥጋት ይነበባል። የኤአይ ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ በጥር 2017 ዓ.ም. «ቫይብ ኮዲንግ» የሚለውን አጠራር ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ኮድ ሳያነቡ ለማሽኑ እየነገሩ ማሠራት መነጋገሪያ ሆኗል። አንደኛው ተማሪ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፕሮግራም በኤአይ አሠርቶ አሳየን፤ ፕሮግራሙ ነሐሴ 30ን ሲያልፍ በቀጥታ መስከረም 1 ላይ አረፈ። «ትክክል ነው፤ ጳጉሜን ደመወዝ ስለማይከፈልባት ወር አይደለችም ብሎ ነው» አለ ወዳጄ፤ ልጁም ሳይቀር ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም ላፕቶፑን ከበን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን የምትሆንበትንና በአራት ዓመት አንዴ፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ባለው ዓመት፣ ስድስት የምትሆንበትን ስሌት በእጃችን ጻፍነው። ልጁ እየቆየ «ይህን እኮ እኔም ማወቅ ነበረብኝ» ሲል፣ «አሁን አወቅህ፤ ማሽኑ ሲሳሳት የሚይዘው የሚያውቅ ሰው ነው» አለው የሰርቨሩ ሰው። የሙያውን መጪ ጊዜ በተመለከተ ለአንድ ጀማሪ ሊባል የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ጠረጴዛ ከሁሉ በላይ የማከብረው ነገር ሰው ላይ አለመሳቁ ነው። በስሕተቱ ይሳቃል፣ በማሽኑ ይሳቃል፤ ዓለምን ያስቸገረውን ኮድ የጻፈው መሐንዲስ ሲነሣ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። ምክንያቱን የገለጸልኝ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ናቸው፤ ከዓመታት በፊት ቀድሞ ይሠሩበት በነበረ ድርጅት የአንድ ደንበኛን መረጃ ሊያጠፉ «ዴሊት» ብለው ጽፈው የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነውን «ዌር» የሚለውን በመርሳታቸው፣ የደንበኞች ሰንጠረዥ በሙሉ ዓይናቸው እያየ ባዶ ሆነ። መልሰው እስኪያገኙት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አልተኙም። ሲያወሩት ሁሉም ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ የየራሳቸውን አወሩ።

ጉድለቶቹንም መናገር አለብኝ። በውስጠኛው ክፍል የነበሩት ሶኬቶች አራት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ልል ስለነበረ የላፕቶፕ ቻርጀር አይዝም ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሣው ለማኪያቶ ማሽኑና ለፍሪጁ ብቻ ነው። ዋይፋዩ ሰው ሲበዛ ይቆማል፤ የራስን ዳታ ይዞ መሄድ ይሻላል። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ስለሚከፈት መደማመጥ ያዳግታል፤ አስተናጋጁም በዚያ ሰዓት «ምን ልታዘዝ?» እስኪል ድረስ ረጅም ጊዜ ያስጠብቃል። ጸጥታ ፈልጎ ሥራ ለመሥራት የሚሄድ ሰው በቅዳሜ ባይሄድ ይመረጣል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ግን ቤቱ ጭር ያለ ነው።

የቤቱ ባለቤት በአንድ ሲኒ ቡና ሦስት ሰዓት የሚቀመጠውን ተማሪ ሲያስነሡ አይቼ አላውቅም። ስለ ሶኬቱ ስነግራቸው «ልጆቼ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ሰኞ ይመጣል» አሉኝ፤ በተከተለው ቅዳሜ ስሄድ የላላው ሶኬት ተቀይሮ አጠገቡ አንድ አዲስ ተጨምሮ ነበር። ሁለቱም ያሉት በመስኮቱ በኩል ስለሆነ፣ ቦታ የሚፈልግ ሰው ከ3 ሰዓት በፊት ይድረስ።