«ለሁሉም ይገጥማል» የተባለ ፔዳል ልትገዙ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ቀይ መብራት ላይ ደረስኩ። ብስክሌቱ ቆመ። እኔ ግን እግር ተወርች እንደታሰረ ሰው ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ተጋደምኩ። ተረከዜን ወደ ውጭ ባጣምም፣ ብጎትት፣ ብራገጥ፣ ጫማው ከፔዳሉ ንቅንቅ አይልም። ክርኔ ተላጠ፣ ዳሌዬ በለዘ። ከዚያ ሁሉ የባሰው መሬት ላይ ሆኜም ከብስክሌቱ ጋር መጣበቄ ነው። አንድ መንገደኛ ጫማዬን ከእግሬ አውልቆ ነው ያላቀቀኝ።

ጫማን በሚቆልፍ በዚህ ዓይነት ፔዳል መውደቅ አዲስ ነገር አይደለም። ጀማሪ ሁሉ አንዴ ሁለቴ ይወድቃል፣ ይስቅበታል፣ ይለምደዋል። የኔ ችግር ግን ልምድ ማጣት አልነበረም። ጫማዬ ስር ያለው ክሊት የሚባል መያዣና ብስክሌቴ ላይ ያለው ፔዳል ጨርሶ የማይተዋወቁ ነበሩ። አንድ ላይ እንድገጥማቸው የመከረኝ ደግሞ የሸጠልኝ ሰው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለ 3 ቀዳዳ የኮርሳ ጫማ ነበረኝ። ስሩ ላይ የብስክሌት ዕቃ ሠሪው የሺማኖ ሰማያዊ ክሊት ታስሮበታል። ክሊት ማለት ከጫማው ሶል ስር በብሎን የሚታሰረው፣ ፔዳሉ ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚገባው ቁራጭ ነው። የጎደለኝ ፔዳል ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። «የኮርሳ ፔዳል፣ ባለ 3 ቀዳዳ፣ ለሁሉም ይገጥማል» ይላል። ክሊት አብሮት የለም፣ ለዚህም ነው የረከሰው። እኔ ክሊት አለኝ። ምን እፈልጋለሁ? ገዛሁ።

መጣ። ጫማዬን ብጫነው አይገባም። ሻጩን ጠየቅኩት። «አዲስ ስለሆነ ነው ወንድሜ፣ ሞላውን አላላው፣ ሲሠራ ይለማመዳል» አለኝ። ሞላውን እስከ መጨረሻው አላላሁት። ቆሜ በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። ቀጭ አለ። ደስ አለኝ። አለመውጣቱን ያወቅኩት መብራቱ ላይ ነው።

በኋላ ስናገረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀዳዳው ከጫማህ ጋር አልገጠመም እንዴ?»

ገጥሟል። እዚህ ላይ ነው ብልጠቱ። የዚህ ዓይነት ፔዳል ሦስት ቦታ ላይ ነው የሚገጣጠመው። አንዱ ፔዳሉ ክራንኩ ላይ፣ ማለትም ፔዳሉን በሚሸከመው ክንድ ላይ የሚታሰርበት ነው። የዛሬ የኮርሳ ብስክሌት ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ጋ አንድ ዓይነት ጥርስ አለው፣ ስፋቱ 9/16 ኢንች ነው። ሌላው ክሊቱ ጫማው ላይ የሚታሰርበት ነው። ባለ 3 ቀዳዳ ጫማም የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ አንድ ነው፣ የሺማኖም ሆነ የሌላው ፔዳል ሠሪ የሉክ ክሊት እኩል ይታሰርበታል። ስለዚህ ላይና ታች በእርግጥ «ለሁሉም ይገጥማል»። መሀል ላይ ያለው፣ ክሊቱ ፔዳሉን የሚነክስበት ግን እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ነው። የሺማኖ ክሊት ለሺማኖ፣ የሉክ ለሉክ። እኔ የገዛሁት ስም የለሽ ፔዳል ኬኦ የሚባለው የሉክ ፔዳል ቅጂ ነበር። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ አልዋሸም። እኔ መጠየቅ ያለብኝን ሳልጠይቅ መቅረቴን አይቶ ዝም አለ እንጂ። አይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይሄ ነው።

ግራ መጋባቱ ከስሙ ይጀምራል። ክሊፕለስ ይሉታል፣ ክሊፕ የሌለው ማለት ነው። እግራችን ተቆልፎበት ሳለ እንዴት ክሊፕ የለውም ይባላል? ድሮ የብስክሌተኛ እግር የሚያዘው ፔዳሉ ላይ በሚታሰር የጣት ማቀፊያና በጠፍር ነበር። ክሊፕ የሚሉት ያንን ማቀፊያ ነው። ሉክ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ጫማ ማሰሪያ የሚሠራ የፈረንሳይ ድርጅት ነበር። ስኪ ላይ ተንሸራታች ሲወድቅ ጫማው ተፈቶ እንዲለቀው የሚያደርገውን ዘዴ በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ፔዳል አመጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት። ከዚያ ወዲህ ጠፍሩ ቀረ፣ ስሙ ግን «ክሊፕ የሌለው» ሆኖ ቀጠለ።

ሉክ ራሱም ሁለት ዓይነት ክሊት አለው። አሮጌው ዴልታ ይባላል፣ አዲሱ ኬኦ። ሁለቱም ባለ 3 ብሎን፣ ሁለቱም ሉክ፣ ግን አንዱ ለሌላው አይሠራም። ዴልታ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ቤት ውስጥ በሚነዱ ብስክሌቶች ላይ ነው። ፔሎተን የሚባለው የቤት ውስጥ ብስክሌት አብሮት የሚመጣው ፔዳል ዴልታ ይወስዳል። «የሉክ ክሊት» ብሎ ኬኦ ገዝቶ የተቆጨ ሰው ብዙ ነው። ሺማኖም ከዚህ አይሻልም። ኤስፒዲ እና ኤስፒዲ-ኤስኤል የሚባሉት ስማቸው ወንድማማች ይመስላል እንጂ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ኤስፒዲ ትንሽ የብረት ክሊት ነው፣ በ2 ብሎን ይታሰራል። ኤስፒዲ-ኤስኤል ትልቅ ፕላስቲክ ነው፣ በ3። ማስታወቂያ ላይ «ሺማኖ ኤስፒዲ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ፎቶውን ሳታዩ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ እንዳትሰዱ። ስፒድፕሌይ የሚባለው ሌላ ዓይነት ክሊት ደግሞ በ4 ብሎን ነው የሚታሰረው። ባለ 3 ቀዳዳ ጫማ ላይ ለማዋል በመሀል ማገናኛ ሰሌዳ ይገባል።

ወደ ራሴ ልመለስ። ፔዳሉን በኪሳራ መለስኩት፣ ሻጩ ከከፈልኩት ቀንሶ ተቀበለኝ። ከዚያ ትክክለኛ የሺማኖ ፔዳል አገኘሁ። አሁንስ ተገላገልኩ ስል ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ። ሰማያዊው ክሊቴ በዚያ ጉድ ተበልቶ ስለነበር አዲስ መግዛት ነበረብኝ። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬን የትኛውን ቀለም ልግዛ አልኩት። «ቀዩን ግዛ፣ ለጉልበት ይራራል» አለኝ። ከልቡ ነው የመከረኝ። ሻጯን ቀይ ስላት ቀይ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ መውረድ አቃተኝ።

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የክሊት ቀለም ለጌጥ አይደለም። ክሊቱ ሳይፈታ ተረከዛችሁ ግራና ቀኝ ምን ያህል መወዛወዝ እንደሚችል ነው የሚነግረው፣ ፍሎት ይሉታል። ሺማኖ ላይ ቀይ 0 ዲግሪ ነው፣ ጭራሽ አይላወስም። ሰማያዊ 2 ዲግሪ፣ ቢጫ 6 ዲግሪ። ሉክ ኬኦ ላይ ጥቁር 0፣ ግራጫ 4.5፣ ቀይ 9 ዲግሪ ነው። አያችሁት? አንዱ ጋ ቀይ ከሁሉም ይበልጥ ግትር ነው፣ ሌላው ጋ ከሁሉም ይበልጥ ልቅ። ጓደኛዬ የሚነዳው ሉክ ነው። የሱ ቀይ ለጉልበት ይራራል፣ የኔ ቀይ ጉልበት ይበላል።

ሰው ሲራመድ እግሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የአንዱ ጣት ወደ ውጭ ያያል፣ የሌላው ወደ ውስጥ። ፔዳል ስትመቱ እግራችሁ በሰዓት ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። ተረከዝ መላወስ ካልቻለ መጠማዘዙን ሁሉ የሚሸከመው ጉልበት ነው። 0 ዲግሪ የሚጠቅመው ክሊቱን እግሩ ላይ በሚሊ ሜትር አስተካክሎ ያሳሰረ ሰው ነው። እኔ በግምት ነው ያሰርኩት። አብዛኞቻችን በግምት ነው የምናስረው፣ እንተማመን። ቢጫውን ገጠምኩ፣ ህመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። «ጥቁሩ ኖርማሉ ነው» ብለው የሉክ ጥቁር የሚሰጧችሁ ሻጮችም አሉ። ኖርማል የሚባል ቀለም የለም። ዲግሪውን ጠይቁ።

ሞላው ላይም ነገር አለ። የሺማኖ ፔዳል ጥንካሬው በትንሽ ብሎን ይላላል፣ ይጠብቃል። ጀማሪ ሲጀምር በጣም አላልቶ ነው መጀመር ያለበት። ኬኦ ብሌድ የሚባለው የሉክ ፔዳል ግን ሞላ የለውም፣ በምትኩ የካርቦን ስስ ሰሌዳ ነው ያለው። ጥንካሬው 8፣ 12፣ 16 ወይም 20 ተብሎ በቁጥር ይመጣል፣ ለመቀየር ሰሌዳውን መቀየር ግድ ነው። 20ው የተወዳዳሪዎች ነው። «ተወዳዳሪዎቹ የሚጠቀሙበት» ተብሎ ሲሸጥላችሁ ቁጥሩን ሳታዩ ብትገዙ፣ መብራት ላይ እንደኔ ትጋደማላችሁ።

ስለ ክብደት የሚነገራችሁን ደግሞ በጣም አትስሙ። ካርቦን፣ ቲታኒየም፣ ስንት ግራም ቀነሰ ይሏችኋል። የሺማኖን ልጥቀስ። 105 የሚባለው የአር 7000 ፔዳል ጥንዱ 265 ግራም ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ዱራ-ኤስ፣ አር 9100፣ 228። ልዩነቱ 37 ግራም ነው፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ። የዋጋውን ልዩነት ራሳችሁ እዩት። ሁለቱም ክሊታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ኩሽኔታቸው ተፈትቶ ይጸዳል፣ ይስተካከላል። ቲታኒየም ዘንግ ያላቸው አንዳንድ ፔዳሎች ደግሞ የነጂ ክብደት ገደብ አላቸው። መመሪያው ላይ ተጽፎ ሳለ ሻጩ አይነግራችሁም። ወፍራም ሰው ነኝ፣ እኔ ይሄን አነባለሁ።

ያገለገለ ፔዳል ነውር የለውም። ጥሩ ፔዳል ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ቶሎ የሚያልቀው ክሊቱ ነው። ግን በእጃችሁ ያዙት። ዘንጉን ይዛችሁ ፔዳሉን ግራና ቀኝ ነቅንቁት፣ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ላልቷል። በጣታችሁ አዙሩት፣ አሸዋ እንደገባበት ከተንቋቋ ተዉት። ጫማ የሚያርፍበትን ፊት እዩ፣ ጎድጉዶ ከተበላ አዲስ ክሊት ብታስሩም ይንገዳገዳል። የዘንጉን ጥርስ በደንብ አስተውሉ። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ በጉልበት አስገብቶ ያበላሸዋል። የተበላሸ ጥርስ ብስክሌታችሁ ላይ ስታስሩት ክራንኩንም ይዞ ይሄዳል። ፔዳል ልትገዙ ሄዳችሁ ክራንክ ትገዛላችሁ።

ሌላም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ፣ ውድድርም ካላሰባችሁ፣ «ኤስፒዲ ለኮርሳ አይሆንም፣ የማውንቴን ብስክሌት ነው» የሚላችሁን ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። ይሆናል። ጥርሱ ያው 9/16 ነው፣ ኮርሳ ላይ ያለ ችግር ይታሰራል። ብዙው ኤስፒዲ ፔዳል በሁለቱም ፊት ስለሚይዝ እያያችሁ ማገላበጥ የለም። ክሊቱ ሶሉ ውስጥ ስለሚደበቅ እንደ ሰው ትራመዳላችሁ፣ በኮርሳ ክሊት እንደ ዳክዬ ነው የሚኬደው። ኤስኤች 56 የሚባለው ክሊት ደግሞ ተረከዝን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን በሌላም አቅጣጫ ሲጎትቱት ይለቃል፣ ለፈሪ እግር ጥሩ ነው። ጉድለቱ የሚረገጥበት ቦታ ትንሽ መሆኑ ነው። ሶሉ ለስላሳ ጫማ ከሆነ ረጅም መንገድ ላይ የእግር መዳፍ ያቃጥላል። ሶሉ ጠንካራ ከሆነ ብዙም አይሰማም።

እንግዲህ ሻጭ ፊት ስትቆሙ ወይም ስትጽፉለት «ይገጥማል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱን አውቀነዋል። «የማን ክሊት ነው የሚወስደው? የክሊቱ ሙሉ ስም ምንድን ነው?» በሉት። ኬኦ ነው? ዴልታ ነው? ኤስፒዲ-ኤስኤል ነው? መልሱ «የኮርሳ ነው» ከሆነ አያውቅም፣ ወይም ማወቃችሁን አይፈልግም። ክሊቱ አብሮ ካልመጣ ለብቻው ከሌላ ቦታ ይገኝ እንደሆነ ሳትከፍሉ አጣሩ። ክሊት ጎማ እንደሚበላው ይበላል፣ በመጨረሻ መለዋወጫ የሌለው ፔዳል ብረት ነው። ከቻላችሁ ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው በእጃችሁ ግፉት፣ ቀጭ ይበል፣ ተረከዙን አጣሙት፣ ይውጣ። ወንበር ላይ የማይወጣ መብራት ላይ አይወጣም።

ያ የመለስኩት ፔዳል በሳምንቱ ማስታወቂያው ላይ ተመልሶ ወጣ። «አዲስ፣ ባለ 3 ቀዳዳ፣ ለሁሉም ይገጥማል» ይላል። ፎቶውን አስጠግቼ አየሁት። የቀኙ ፔዳል ውጫዊ ጠርዝ ላይ አስፋልቱ የተወው ጭረት አለ፣ የኔው ነው። ካያችሁት እንዳትነኩት።