ትልቅ ፋይል ለብዙ ሰው፦ ክላውድ፣ ቪፒኤስ ወይስ ቶረንት?

2 ጊጋባይት የሆነ የሥልጠና ቪዲዮ ለ1,000 ሰው ማድረስ አለብዎት እንበል። ድምሩ 2,000 ጊጋባይት ነው። አማራጮቹን የሚለያቸው የማጓጓዣውን ሒሳብ ማን ይችላል የሚለው ነው።

የአማዞን የክላውድ ማከማቻ በሆነው ኤስ3 ላይ ማስቀመጡ በአሜሪካ ምሥራቅ መደበኛ ዋጋ በወር 5 የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። ገንዘቡ የሚያልቀው ሲወርድ ነው፦ በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ፣ ከዚያ በላይ ጊጋባይቱ 0.09 ዶላር። 1,900 በ0.09 ሲባዛ 171 ዶላር። መስመር ተቋርጦበት ከዜሮ የጀመረ ሰው ቀድሞ ያወረደውም ይቆጠርብዎታል። ተቀባዮቹ 40 ብቻ ከሆኑ ግን ሌላ አይፈልጉ።

ወርሃዊ ዋጋው ቁርጥ የሆነ ቪፒኤስ (የሚከራዩት የራስዎ ሰርቨር) ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ከመክፈልዎ በፊት የትራፊኩን ጣሪያና የመስመሩን ፍጥነት ይጠይቁ። በ100 ሜጋቢት መስመር ይህ ሁሉ ያለ ፋታ 44 ሰዓት ይፈጃል፤ ሰው ሁሉ ሰኞ ጠዋት ከመጣ ይንቀራፈፋል።

ቶረንት፣ ማለትም አውራጆቹ ራሳቸው የፋይሉን ቁራጮች እርስ በርስ የሚላላኩበት ዘዴ፣ የሚያዋጣው እንዲህ ባለው ሰኞ ነው። ብራም ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት በሰጥቶ መቀበል ይሠራል፦ ፕሮግራሙ የተሻለ ለሚሰጡት ቅድሚያ ይሰጣል፣ በየ10 ሰከንዱ ያመዛዝናል፣ በየ30 ሰከንዱ ደግሞ አንድ አዲስ ሰው በዕድል ይሞክራል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ግኑቴላ በሚባል ቀደም ያለ የፋይል መጋሪያ መረብ ላይ የተደረገ ጥናት 70 በመቶ የሚጠጋው ተጠቃሚ አንድም ፋይል እንደማያጋራ አሳይቶ ነበር። ግን ደንቡ ሰውን የሚይዘው አውርዶ እስኪጨርስ ድረስ ነው። የጨረሰ ሰው ይዘጋውና ይሄዳል። በሳምንት አንድ ሰው ብቻ ለሚያወርደው ፋይል ስለዚህ ያው እርስዎው ሰርቨር ነዎት።

ነጻ ነው የሚባለውም አያታልልዎ። በሞባይል ፓኬጅ የሚያወርድ ሰው የሚልከውም ከፓኬጁ ይቆረጥበታል፤ ሒሳቡን ወደ እሱ አዛወሩት እንጂ አላጠፉትም። ብዙ የሞባይል ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ ስለሚጋሩ እርስ በርስ መገናኘትም ይቸግራቸዋል። ፖርቱ ክፍት የሆነ (ከውጭ ግንኙነት የሚቀበል) ሲደር፣ ማለትም ሙሉ ፋይሉን ይዞ የሚያድል ኮምፒውተር፣ የግድ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው ባንዴ የሚጠብቁ ከሆነ ቪፒኤስ ገዝተው ሲደር ያድርጉት፤ ቀጥታ ሊንኩንም ዌብ ሲድ (ፕሮግራሙ ከድረ ገጽም እንዲያወርድ የሚያደርግ አድራሻ) አድርገው ቶረንቱ ውስጥ ያስገቡ። የቁራጩ መጠን 1 ሜጋባይት ቢሆን ወደ 2,000 ቁራጭ ይወጣል፣ ቁራጮቹን የሚገልጸው፣ ለሰው የሚበትኑት የቶረንት ፋይልም 40 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። 16 ሜጋባይት ካደረጉት አውራጁ ያን ሁሉ ሳይጨርስ ለሌላው የሚሰጠው የለውም።

ሁሉም 98 በመቶ ላይ ከቆመ የቀረውን ቁራጭ የያዘ ሰው የለም ማለት ነው፤ ቪፒኤሱ መሥራቱን ይመልከቱ። ቪዲዮውን ካረሙት ደግሞ አንድ ባይት ቢቀየር እንኳ ሃሹ (ከይዘቱ የሚሰላው መለያ) ይለወጣል፤ አዲስ ቶረንት ሠርተው እንደገና ይበትኑ።