ዩቨርሽን ለአጥቢያ ወጣቶች አገልግሎት፦ የት ይረዳል፣ የት ይጎድላል?

በሐዋሳ ብዙ አጥቢያዎች ቅዳሜ ከሰዓት የወጣቶች ፕሮግራም ሞቅ ይላል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ወጣቱ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ቃሉን ከማን ጋር ያነብባል? ዩቨርሽን የተባለውን የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ የምንመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው። መልሳችን፦ ከ4 እስከ 6 ሰው ላለው ቡድን በጣም ይጠቅማል፣ ለመላው የወጣቶች ኅብረት በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም።

አፑ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ላይፍ ቸርች ከተባለ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። በነጻ ይወርዳል፣ ማስታወቂያም የለበትም። በአማርኛ የቆየው የ1954 ዓ.ም. ትርጉምም አዲሱ መደበኛ ትርጉምም አሉበት። ከዳታ ፓኬጅ ለመዳን ትርጉሙን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድሞ ማውረድ ይሻላል፤ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበው የማውረጃ ምልክት ያለው ትርጉም ብቻ ነው። ቡድኑ የትኛውን ትርጉም እንደሚያነብብ ከመጀመሪያው ይስማማ፤ አለዚያ ቅዳሜ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግማሹ ይጠፋበታል። ለቃል ጥናት የ1954ቱን፣ ረጅም ታሪክ ለማንበብ አዲሱን እንመርጣለን።

ትልቁ ጥቅሙ አብሮ ማንበቡ ነው። የንባብ ዕቅድ መርጦ «ከጓደኞች ጋር» የሚለውን መንካት፣ የሚጀመርበትን ቀን ሰኞ ማድረግ፣ የመጋበዣ ሊንኩን በቴሌግራም መላክ፤ በቃ። ማን እንዳነበበ ሁሉም ያያል፣ በየቀኑ መጨረሻም የመወያያ ቦታ አለ። የ5 ቀን ዕቅድ ከሆነ ዓርብ ያልቃል፤ ቅዳሜ በአካል ይወራበታል።

ውይይቱን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው ግን የመሪው ጥያቄ ነው። «ከዛሬው ንባብ ምን ተማራችሁ?» ከተባለ መልሱ «አሜን» እና «ተባረኩ» ነው፤ ከዚያ ዝምታ። ጥያቄው ከክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ይያዝ። ማርቆስ 4 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በማዕበሉ መካከል «ስንጠፋ አይገድህምን?» ይላሉ። «በዚህ ሳምንት እግዚአብሔርን እንዲህ ልትሉት የፈለጋችሁበት ነገር አለ?» ብሎ የጠየቀ መሪ እውነተኛ መልስ ያገኛል፤ በተለይ ራሱ ቀድሞ ከመለሰ። ይህ በቀን 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ይህን ጊዜ መስጠት የማይችል መሪ ባይጀምር ይሻላል። ቡድኑ 20 ሲደርስም ሁሉም ሌላው ይመልሳል ብሎ ይተወዋል።

የአማርኛ ዕቅዶች ከእንግሊዝኛው በቁጥር እጅግ ያንሳሉ፤ አንዳንዶቹም ትርጉምነታቸው ያስታውቃል፣ ምሳሌዎቻቸውም ከእኛ ልጆች ሕይወት የራቁ ናቸው። ስለዚህ ዕቅዱን ትቶ አፑን ለንባብ ብቻ መጠቀም፣ ውይይቱን በቴሌግራም ግሩፕ ማድረግ ይቻላል። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ በ4 ሳምንት ያልቃል። ዓርብ ባዶ ይሁን። ብዙ ወጣት የሚያቋርጠው ሁለት ቀን ካመለጠው በኋላ አፍሮ ነውና፣ ዓርብ ላልደረሰ መድረሻ ይሆናል። ምዕራፍ 14 ባለ 72 ቁጥር ስለሆነ ከቀኑ በፊት ይነገራቸው።

አፑ በተከታታይ የተከፈተበትን ቀን ይቆጥራል። ቁጥሩን በመድረክ ማወደስ አይገባም፤ መክፈት ማንበብ አይደለም። የንባብ ማስታወሻ ሰዓቱን ግን እያንዳንዱ ለራሱ ያስተካክል፤ ለተማሪ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ይስማማዋል።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠሩ ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ ይጠቀማሉ፤ ቅዳሜ ሥራ ላይ ቢውሉም ውይይቱን ማታ ገብተው ያገኙታል። ተጎጂው ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ ነው። ለእርሱ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በወረቀት የተጻፈ የሳምንቱ ምዕራፍና ጥያቄ፣ በሰፈሩ አብሮት የሚያነብ አንድ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ይህ ሳይዘጋጅ ከተጀመረ ልጁ ቅዳሜም መምጣቱን ሊተው ይችላል።

በመጨረሻ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባሉበት ቡድን ሁለት መሪዎች ይግቡ፤ ሴት ልጆች ካሉ አንዷ ሴት ትሁን። ወላጆች ይወቁ። መሪው ለብቻው ለአንድ ልጅ በውስጥ መስመር አይጻፍ፤ ልጁ የከበደ ነገር ካነሳ ሁለተኛው መሪ ባለበት በአካል ይነጋገሩ።