መጽሐፌን ያሳተመልኝ ቤት፦ አርታኢው አምስት ኮከብ፣ ሂሳቡ አንድ

ስማቸውን አልጠራም፣ ለገሃር አካባቢ ካሉት አከፋፋይም አሳታሚም ከሆኑት አንዱ ነው በሉት። ኢንቦክስ እየገባችሁ "አሳታሚ እንዴት አገኘሽ" የምትሉኝ በዝታችኋል፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ውጭ ያላችሁት ደሞ "ኤጀንት ያዢ" ትላላችሁ፣ ረቂቅሽን ለአሳታሚ የሚሸጥልሽ ወኪል ማለት ነው። እሱ እንግሊዝና አሜሪካ ነው፣ እዛ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ኤጀንት ያላመጣውን ረቂቅ አብዛኞቹ አያዩትም፣ ደህና ኤጀንት ከሆነም ከፊት ሳንቲም አይጠይቅም፣ ሲሸጥ ነው ደራሲው ከሚያገኘው 15 ፐርሰንቱን የሚወስደው። በአማርኛ ለምንጽፍ እዚህ ያለው ሌላ ነው፣ አብዛኛው ጀማሪ ማተሚያ ቤቱን ራሱ ከፍሎ መጽሐፉን በፐርሰንት ለአከፋፋይ ይሰጣል።

እና ፍላሽ ይዤ ሄድኩ፣ 23 አጫጭር ልቦለድ። ሰውየው ፍላሹን አልነካውም። "እህቴ እኔ ኮምፒዩተር ላይ ልቦለድ አላነብም" አለኝ። ወጥቼ ጎናቸው ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ምርጥ ያልኳቸውን ሶስቱን ብቻ ፕሪንት አስደርጌ በስፓይራል አስጠርዤ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ የሰው ረቂቅ ተቆልሏል፣ የላይኛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦ ክቡ ርዕሱ ላይ ታትሟል፣ የኔም እንደዛ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሊሆን ነው ብዬ አልሄድም አልኩና ቆምኩ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፣ ገልብጦ የመጨረሻውን አነበበ፣ ከዛ "ከዚህ በፊት የት ወጥቶልሻል?" ሁለቱ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ነበር፣ ቆርጬ የያዝኩትን ሳሳየው ነው ወንበር የሳበልኝ። ስለዚህ ወገን፣ ሙሉውን ረቂቅ ከመሸከማችሁ በፊት አንድ ሁለቱን የሆነ ቦታ አውጡ፣ የሄዳችሁ ቀን ደሞ በወረቀት፣ ትንሽ፣ ጥሩዋን።

አርታኢያቸው ጋሼ ናቸው፣ በእርሳስ ነው የሚሰሩት። ከ23ቱ 9ኙን ጣሉብኝ። አንደኛዋ ላይ ህዳጉ ጋ "ታሪኩ ገጽ 4 ላይ ነው የሚጀምረው፣ ሶስቱን ገጽ የጻፍሽው ለራስሽ ነው" ብለው ጽፈዋል። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፣ ማታ ሶስቱን ገጽ አውጥቼ ሳነበው እውነታቸውን ነው። ለዚህ ብቻ የከፈልኩት አይቆጨኝም።

ሽፋኑን ተዉት፣ ጀምበር ስትጠልቅ የምታይ ያዘነች ሴት አድርገውበታል፣ መጽሐፉ ውስጥ እንደዛ አይነት ሴት የለችም። አይኤስቢኤኑን፣ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ማለት ነው፣ ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ራሴው ነኝ ያወጣሁት፣ እነሱ "ኋላ እናደርሳለን" ሲሉ ነበር።

ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነው። 2,000 ኮፒ ታተመ፣ ከሽያጩ 35 ፐርሰንት የነሱ፣ "በሶስት ወር እንተሳሰባለን" የተባለው ግን በአፍ ነው፣ ውሉ ላይ ቀን የለም፣ እኔም በደስታ ሳላነብ ፈረምኩ። በአምስተኛው ወር ስደውል "አልተንቀሳቀሰም፣ ገበያ የለም።" በዛው ሳምንት ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ አንድ አዟሪ ልጅ የገዛ መጽሐፌን አምጥቶ "እህት ይቺን አንብቢያት፣ ሸጬ ጨርሼ ዛሬ ነው ደግሜ ያመጣኋት" አይለኝም! ከየት አመጣኸው ስለው የነሱን መደብር ጠራልኝ። ገዛሁት። ምን ላድርግ፣ ጥሩ ሻጭ ነው።

አንድ ነገር ያተረፈኝ የቅጂ መብቱን አለመስጠቴ ነው። አዋጅ 410/1996 እንዲህ ያለ መብት ሲተላለፍ በጽሁፍ ይሁን ይላል፣ የኔ ውል ማከፋፈል ብቻ ስለሚል ሁለተኛውን እትም ወደፈለግኩበት እወስደዋለሁ። እናንተ ስትፈርሙ ሶስት ነገር አጽፉ፦ ሂሳብ የሚዘጋበት ቀን፣ ያልተሸጠው የሚመለስበት ቀን፣ ስንት ኮፒ እንደተረከቡ በማህተም። "እንተማመን" ካሏችሁ ሻዩን ጠጥታችሁ ውጡ።

አዲሱን ረቂቅ ለጋሼ ባለፈው ማክሰኞ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ለአርትዖት ብቻ። ማከፋፈሉን የሜክሲኮውን ልጅ እያናገርኩት ነው፣ በቀን አስር ይዞ ማታ ይከፍለኛል።