ግኖም፣ ፕላዝማ፣ ሲናመን ወይስ ኤክስኤፍሲኢ? ፕሮግራሞቻችሁ ተመሳሳይ መልክ እንዲኖራቸው የትኛው ይሻላል

ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፕ (የመስኮቶቹን፣ የሜኑውንና የሴቲንጉን መልክ የሚሰጠው ክፍል) ለመምረጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ስክሪንሾት ነው። ስክሪንሾቱ ላይ የሚታዩት ግን ከዴስክቶፑ ጋር የመጡት ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው። እነሱማ ማማራቸው አይቀርም። ጉድ የሚፈላው ቪዲዮ መቁረጫውን፣ ፎቶ ማስተካከያውን፣ ቴሌግራሙን ስትጭኑ ነው። አንዱ መስኮት ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። የአንዱ መዝጊያ ክብ ውስጥ ነው፣ የሌላው ባዶ ኤክስ ናት። ፋይል ልትከፍቱ ስትሉ ደግሞ አይታችሁት የማታውቁት የፋይል መምረጫ ብቅ ይላል።

አራቱም ዴስክቶፖች ነጻ ስለሆኑ የምትከፍሉት ጊዜያችሁን ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን የማደርገው ብዙ ሰው በሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ነው፦ ፋየርፎክስ (ድረ ገጽ ማያ)፣ ሊብሬኦፊስ (የቢሮ ሥራ)፣ ጂምፕ (ፎቶ ማስተካከያ)፣ ኢንክስኬፕ (ሥዕል መሥሪያ)፣ ኬደንላይቭ (ቪዲዮ መቁረጫ) እና ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻ)። ቴሌግራምን ትቼዋለሁ። መልኩን ራሱ ስለሚሥል የትም ብትወስዱት ያው ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። የሊኑክስ ፕሮግራሞች መስኮትና ቁልፍ የሚሠሩባቸው ሁለት ትልልቅ መሣሪያዎች አሉ፤ ጂቲኬ እና ኪውቲ። ዛሬ ፕላዝማን የሚሠራው ኬዲኢ የሚባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር ኪውቲን መረጠ። የኪውቲ ፈቃድ ያኔ ሙሉ በሙሉ ነጻ አልነበረም። ይህ ያልጣማቸው ሰዎች በ1997 ለጂምፕ ተብሎ የተሠራውን ጂቲኬን ይዘው ግኖምን ጀመሩ። የፈቃዱ ጠብ ከቀረ ቆይቷል፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ግን እስከ ዛሬ ለየብቻ ናቸው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ውስጥ ጂምፕና ኢንክስኬፕ የጂቲኬ፣ ኬደንላይቭና ቪኤልሲ የኪውቲ ናቸው። ፋየርፎክስ ወደ ጂቲኬ ያደላል። ሊብሬኦፊስ ብቻ ለሁለቱም የሚሆን ማገናኛ አለው፤ ትክክለኛው ፓኬጅ ካልተጫነለት ግን የዘጠናዎቹን ዘመን መልክ ይዞ ይመጣል።

ፕላዝማ

የኬዲኢ ዴስክቶፕ ነው። 6ኛው ትውልድ የወጣው በ2024 መጀመሪያ ላይ ነው። እንግዳ በማስተናገድ ማንም አይደርስበትም። ሴቲንጉ ውስጥ ለጂቲኬ ፕሮግራሞች ብቻ የተለየ ገጽ አለው፤ ብሪዝ የሚባለው የራሱ ቲምም (ለመስኮቶቹ መልክና ቀለም የሚሰጠው ልብስ) ለጂቲኬ የተዘጋጀ ቅጂ አለው። የቀለም ምርጫችሁን ስትቀይሩ ኢንክስኬፕም ተከትሎ ይቀየራል። ጂምፕ የራሱ ቲም ስላለው ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም የሚለውን ምረጡለት።

ፋየርፎክስ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። ድረ ገጽ ላይ ፋይል ስትጭኑ የሚመጣው መምረጫ የጂቲኬው ሊሆን ይችላል፤ በዶልፊን (የፕላዝማ ፋይል ማያ) የለመዳችሁት የጎን ዝርዝር የለውም። አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት ኮንፊግ (about:config) ብላችሁ ግቡና ፋይል ፒከር (file-picker) የሚለውን ቃል ፈልጉ። ፖርታል (portal) የሚል ስም ያለበትን መስመር ከ2 ወደ 1 ቀይሩት። ከዚያ በኋላ የኬዲኢው መምረጫ ይመጣል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን በቀን አሥር ጊዜ የምታዩት መስኮት ነው።

የፕላዝማ ድካም ምርጫው መብዛቱ ነው። ቲም በቲም ላይ እየጫኑ ግማሽ ቀን ማቃጠል ይቻላል። ከጫናችሁት በኋላ ብሪዝ ላይ ተዉት ባይ ነኝ።

ግኖም

ግኖም ጋ ነገሩ ሌላ ነው። የራሱ ፕሮግራሞች በመልክ የተስማሙ ናቸው፤ በዚህ በኩል ከአራቱ አንደኛ ነው። ምክንያቱ ሊብአድዋይታ የሚባለው ላይብረሪ ነው። በ2022 ከወጣው ግኖም 42 ጀምሮ የግኖም ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ወደሱ ገብተዋል። ሊብአድዋይታ ቲም አይቀበልም፣ መልኩ አብሮት የተሰፋ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በ2019 አንዳንድ ፕሮግራም ሠሪዎች፣ አከፋፋዮች (ሊኑክስን ከነፕሮግራሞቹ አሰናድተው የሚያቀርቡት) በየራሳቸው ቲም ፕሮግራሞቻችንን አያበላሹብን ብለው ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። አልፈርድባቸውም። ቲሙ ያበላሸውን ቁልፍ ተጠቃሚው የሚያሳብበው በነሱ ነው።

መዘዙ ግን እኛ ጋ ይደርሳል። ከቀለም የሚፈቀድላችሁ ብርሃን ወይም ጨለማ ነው፤ በ2024 ከወጣው ግኖም 47 ወዲህ ደግሞ የማድመቂያ ቀለም ከ9 ውስጥ መምረጥ ትችላላችሁ። በድሮው ጂቲኬ3 የተሠሩት ፕሮግራሞች ከአዲሶቹ አጠገብ ያረጁ ይመስላሉ። ለዚህ አድው-ጂቲኬ3 የሚባለውን ቲም መጫን ይበቃል፤ ዓይን ልዩነቱን አይለይም።

ትልቁ ራስ ምታት የኪውቲ ፕሮግራሞች ናቸው። ዳርክ ሞድ ላይ ሆናችሁ ቆየት ያለ ኬደንላይቭ ብትከፍቱ መስኮቱ ይጠቁራል፣ አይከኖቹም ይጠቁራሉ። መቀሱ የት እንዳለ በዳበሳ ነው የምታገኙት። መፍትሔው እዚያው ውስጥ ነው፦ ሴቲንግስ ሜኑ ውስጥ ከለር ቲም የሚለውን ጨለማ አድርጉ፣ ከዚያ ብሪዝ አይከኖችን አስገድድ የሚለውን አብሩ። አዳዲሶቹ የኬዲኢ ፕሮግራሞች የራሳቸውን አይከን መጠቀም ስለጀመሩ ችግሩ ቀንሷል። ከላይ ያለው የመስኮቱ ራስጌ ግን አሁንም ልዩነቱ ይታወቃል፤ ዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት) ላይ ግኖም የሌላውን መስኮት ራስጌ አይሥልለትም፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለራሱ ይሥላል።

በቀን ውስጥ የምትከፍቱት ፋየርፎክስ፣ የግኖም ፋይል ማያና ሊብሬኦፊስ ብቻ ከሆነ ግኖምን ያዙ። ቪዲዮ የምትቆርጡ ከሆነ ግን ባትሞክሩት ይሻላል።

ሲናመን

ከአከፋፋዮቹ አንዱ በሆነው ሊኑክስ ሚንት ላይ የሚመጣው ነው። ምንም መነካካት ለማይፈልግ ሰው፣ ለእናትና ለአባት ላፕቶፕ፣ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የሚንት ሰዎች ሊብአድዋይታ የመልካቸውን ስምምነት እንዳያፈርስባቸው ያልተለመደ ነገር አድርገዋል። በ2024 የወጣው ሚንት 22 ላይ ካልኩሌተሩን፣ ካላንደሩን፣ የሲስተም መቆጣጠሪያውንና ሌሎችንም ወደ ድሮው የጂቲኬ3 ስሪታቸው መለሷቸው። አዲስ ነገር አምልጦ መልክ መዳኑ ያስከፋቸው አሉ። ለካልኩሌተር ምን አዲስ ነገር እንደሚናፈቅ ግን አይገባኝም።

የሲናመን የቲም ገጽ የሚያዘው ጂቲኬን ነው። ቪኤልሲና ኬደንላይቭ እንዲከተሉት ኪውቲ-ሲቲ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ለኪውቲ 5ም ለኪውቲ 6ም ለየብቻ ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል። ክቫንተም የሚባለውን የኪውቲ ቲም ማልበሻ ከጨመራችሁበት ውጤቱ ደስ ይላል። አንዴ ከተስተካከለ ይረሳል።

ኤክስኤፍሲኢ

ለደከመ ማሽን ነው። ጂቲኬ3 ስለሆነ ለጂቲኬ3 የተሠሩት የድሮ ቲሞች ይሠሩለታል። ለኪውቲ ያው የሲናመኑን መንገድ ተከተሉ። የግኖም አዳዲስ ፕሮግራሞች ግን እዚህ ባዳ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ወፍራም ራስጌያቸው ከቀጫጭኖቹ መስኮቶች ጋር አይሄድም። ስለዚህ የኤክስኤፍሲኢን የራሱን ፋይል ማያና ጽሑፍ ማረሚያ ተጠቀሙ።

አራቱንም የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮግራሙን ከፍላትፓክ (ፕሮግራሞችን ከሲስተሙ ለይቶ አሽጎ የሚያከፋፍል መንገድ) ካወረዳችሁት ሲስተማችሁ ላይ የጫናችሁትን ቲም አያየውም። ብርሃን ወይስ ጨለማ የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ ይደርሰዋል፣ ቲሙ ግን በፍላትፓክ መልክ ለብቻው መጫን አለበት። አንዳንዴ ከርሰሩ ራሱ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ይቀየራል። መልክ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ፕሮግራሙን ከአከፋፋዩ ማከማቻ አውርዱ።

አማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። የመረጣችሁት ፎንት የኛ ፊደል ከሌለው ሲስተሙ ምትክ ይፈልጋል፤ ያኔ አንዱ ፕሮግራም አቢሲኒካን፣ ሌላው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሊያነሳ ይችላል። አቢሲኒካ የብራና ጽሑፍ ጠባይ አለው፣ ኖቶ ሳንስ ቀጥ ያለ ነው። አንድ መስኮት ላይ ሲደባለቁ ያስጠላል። ኖቶን ጫኑና በፎንትኮንፊግ (ሲስተሙ ፎንት የሚመርጥበት መሣሪያ) የመጀመሪያው ምትክ አድርጉት፤ ጂቲኬውም ኪውቲውም እሱን ያነሳል። ሁለተኛው አጻጻፉ ነው። ግኖም አይባስን (የተለያዩ ቋንቋዎች መጻፊያ መሣሪያ) ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንጉ መጨመር ብቻ ነው። ፕላዝማ ዌይላንድ ላይ ግን ቨርቹዋል ኪቦርድ የሚለው ገጽ ገብታችሁ አይባስን ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ፤ ገጹ ስሙ ሌላ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።