የቤት ብድር ጥያቄያችን ውድቅ በሆነ ጊዜ መንገድ ላሳዩን የየካ አባዶዋ ባለሙያ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የብድር ምክር አገልግሎት የሚሰጡ አንዲት እናትን ለማመስገን ነው፤ የቤት ብድር ጠይቆ «አልተፈቀደም» የተባለ ሰው ሁሉ ሌላ ባንክ ከመሄዱ በፊት እንዲያማክራቸውም ከልቤ እጠቁማለሁ። በባንክ የብድር ክፍል ረጅም ዘመን አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ባለሙያ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ በግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ሲሆን በትርፍ ሰዓቱ የቤት መስመር ዝርጋታ ይሠራል። ለዓመታት ያጠራቀምነውን ይዘን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት ከሻጭ ጋር ተስማማን፤ የጎደለንን 1,500,000 ብር ደግሞ ከባንክ ጠየቅን። የደረሰን ምላሽ ጥያቄያችን የባንኩን መስፈርት ስለማያሟላ ያልተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የማያልፍ ደብዳቤ ነበር። ሻጩ ቀን እየቆጠረ ይጠብቀናል፤ ደላላው በበኩሉ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ የደመወዝ ደብዳቤውን ከፍ አድርገን እናሠራዋለን» እያለ ይወተውተን ጀመር። እትዬ ዘንድ የሄድነው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነን ነው።

እርሳቸው ደብዳቤውን አንብበው በእርጋታ አጠፉትና «ይህ ወረቀት ምንም አይነግረንም፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝም» አሉን። ከዚያም ወደዚያው ባንክ ተመልሰን፣ ውድቅ የተደረግነው በገቢያችን፣ በብድር ታሪካችን ወይስ ልንገዛው ባሰብነው ቤት ምክንያት እንደሆነ ተለይቶ እንዲነገረን በጽሑፍ እንድንጠይቅ መከሩን። አራተኛ ምክንያት ሊኖር እንደሚችልም አስረዱን። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በኋላ ገደቡን ከፍ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ገደብ ባለበት ጊዜ ባንኩ የተፈቀደለትን መጠን ከጨረሰ የአመልካቹ ፋይል የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ላይፈቀድለት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ትዕግሥት ወይም ሌላ ባንክ እንጂ ሰነድ መቀያየር አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ከባንክ ባንክ የሚንከራተቱ ስንት ሰዎች እንዳሉ ሳስበው ያሳዝነኛል።

የእኛ ምክንያት ግን ከራሳችን ፋይል የመነጨ ነበር፤ ሁለት ነገሮች ተደራርበው ነው የተገኙት። አንደኛው የባለቤቴ የብድር ታሪክ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ አነስተኛ አበዳሪ ተቋም ወስዶ እስከ መጨረሻው ሳንቲም የከፈለው ብድር፣ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ዘንድ ገና እንዳልተዘጋና ክፍያው እንደዘገየ ሆኖ ይታይ ነበር። ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የአመልካቹን ታሪክ ከዚህ ማዕከል ይመለከታሉ፤ መረጃውን ወደ ማዕከሉ የሚያስገባው ደግሞ አበዳሪው ራሱ ነው። ስለዚህ አሁን የምናመለክትበትን ባንክ መለመን ዋጋ እንደሌለው፣ እርማቱ መጠየቅ ያለበት መረጃውን ካስገባው ተቋም መሆኑን እትዬ አስረዱን፤ የማመልከቻውንም ቃል አብረውን አረቀቁት። የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝና ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አባሪ አድርገን፣ በእኛ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ማኅተም እንዲያርፍበት አጥብቀው አሳሰቡን። ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ ባይኖር ኖሮ «ማመልከቻችሁ አልደረሰንም» በተባልን ጊዜ ምን መልስ እንሰጥ እንደነበር አላውቅም። እርማቱ ጊዜ ወስዷል፤ ነገር ግን በመጨረሻ ተስተካክሏል።

ሁለተኛው የገቢያችን ጉዳይ ነው፤ እትዬን ከሌላው ሁሉ የለዩብኝም እዚህ ላይ ነው። ባንካችን ወርሃዊ ክፍያው ከተጣራው የጋራ ገቢያችን ሲሶ እንዳይበልጥ ይፈልግ ነበር፤ የእኛ የሁለታችን የተጣራ ደመወዝ ደግሞ 51,000 ብር ገደማ ስለነበር ሲሶው 17,000 ብር ነው። እትዬ ልኬቱ ከባዶ የመጣ አለመሆኑን ሲያስረዱን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ መደንገጉን ጠቀሱልን። ከዚያ እርሳስ አነሡና በአንድ አሮጌ ቅጽ ጀርባ ላይ ስሌቱን ጻፉልን። 1,500,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ ቢወሰድ፣ በ10 ዓመት የሚከፈል ከሆነ በወር 25,127 ብር፣ በ15 ዓመት 22,030 ብር፣ በ20 ዓመት ደግሞ 20,869 ብር ይመጣል። ባለቤቴ ዘመኑን ማራዘም ይሻል እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ጣታቸውን በሁለቱ የመጨረሻ ቁጥሮች መካከል አሳርፈው ልዩነቱን እንድንመለከት ነገሩን። አምስት ዓመት ሙሉ ተጨምሮ ወርሃዊ ክፍያው የቀነሰው 1,161 ብር ብቻ ነው፤ በአጠቃላይ የምንከፍለው ግን ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይጨምራል። ዘመኑን ከ20 ዓመት በላይ መግፋት ያን ያህል እንደማይረዳ፣ የሚረዳው ዋናውን ገንዘብ መቀነስ መሆኑን በራሳችን ዓይን አየን፤ ብድሩ ወደ 1,200,000 ብር ቢወርድ በ20 ዓመት ወርሃዊ ክፍያው 16,695 ብር ሆኖ ከሲሶው በታች ይገባል።

እንግዲህ የጎደለው 300,000 ብር ከየት ይምጣ? በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሌላ አነስተኛ ብድር ወስዶ ቅድመ ክፍያውን ለመሙላት ይሞክራል። እትዬ ይህን በጥብቅ ከልክለውናል፤ ምክንያቱም አዲሱ ብድር በዚያው የመረጃ ማዕከል ተመዝግቦ የመክፈል አቅማችንን ይቀንሰዋል። የባለቤቴ የሥራ ቦታ እቁብ እንዳለ ሲሰሙ ሊያልቅ ስንት ዙር እንደቀረው ጠየቁ፤ ጥቂት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ዳኛውን አነጋግረን ተራ እንዲሰጠን እንድንሞክር መከሩን፤ ዳኛውም አላሳፈረንም። የባለቤቴን የዝርጋታ ገቢ ግን ለዚህ ማመልከቻ እንዳንቆጥረው ነገሩን። የንግድ ፈቃድ የሌለው፣ ግብር ያልተከፈለበትና በባንክ ሂሳብ ያላለፈ ገንዘብ በእውነት ቢገኝም እንኳ በባንክ ዓይን እንደሌለ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ከአሁን ጀምሮ ፈቃድ አውጥቶ በሂሳቡ እንዲያስገባው፣ ይህም ለወደፊት እንደሚጠቅመው አስረድተውታል።

ስለ ቤቱ የነገሩን አጭር ነው፤ ነገር ግን በከተማው ዳርቻ ቤት ለሚገዛ ሁሉ አስፈላጊ ነው። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ እንደማይተላለፍ፣ የሻጩ ቀሪ የባንክ ዕዳ መዘጋቱ፣ ካርታውም ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ አስቀድሞ በማስረጃ መረጋገጥ እንዳለበት፣ የባንኩ መሐንዲስ የሚሰጠው ግምት ከሽያጩ ዋጋ ሊያንስ ስለሚችልም ለዚያ ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ መያዝ እንደሚያስፈልግ ነግረውናል።

ስለ ደላላው ሐሳብ ስናነሣባቸው ፊታቸው ተለወጠ። የተጋነነ የደመወዝ ደብዳቤ ከጡረታ መዋጮና ከባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴ ጋር ሲመሳከር እንደሚጋለጥ፣ ጉዳዩም ከብድር መከልከል አልፎ በሐሰተኛ ሰነድ የሚያስከስስ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ነገሩን። ከዚህም በላይ በልቤ የቀረው፣ ቢሳካ እንኳ ምን እንደሚከተል የነገሩን ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት፣ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከአቅም በላይ የሆነ ብድር በውሸት ማስፈቀድ የራስን ቤት ለሐራጅ ማዘጋጀት ነው ብለው ባለቤቴን ዓይን ዓይኑን እያዩ ተናገሩት።

አንዲት ጎረቤታችንንም ወደ እርሳቸው ልኬ ነበር፤ የእርሷን ፋይል ከተመለከቱ በኋላ «አሁን አትበደሪ፤ የወንድምሽ ዋስትና እስኪያበቃ ጠብቂ» ብለው መለሷት። ዋስ መሆንም እንደ ዕዳ ሊታይ እንደሚችል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ብድር በማስፈቀድ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው እንዲህ ያለ ምክር ይሰጣል ብዬ አላምንም፤ በእትዬ ላይ ያለኝ እምነት ከራሴ ጉዳይ ይልቅ በዚህ ጸንቷል።

እኛ በተስተካከለው ፋይል፣ እኔና ባለቤቴ በጋራ ፈርመን ለዚያው ባንክ እንደገና አመለከትን፤ 1,200,000 ብሩም ተፈቀደልን። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ተጋቢዎች ፈቃድ ስለሚጠይቅ የጋብቻ ማስረጃችንን አስቀድመን ማዘጋጀታችን ብዙ ውጣ ውረድ አስቀርቶልናል። እትዬ፣ ስላስተማሩን ሁሉ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ውለታዎን አንረሳም።

አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ በፈቃዳቸው እሰጣችኋለሁ። የሚያስከፍሉት ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የሚነግሯችሁን ቁርጥ ክፍያ ነው፤ ከብድሩ ላይ በመቶኛ አይወስዱም፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ። ስትሄዱ ባንኩ የሰጣችሁን ደብዳቤ፣ የቅርብ ወራት የሂሳብ መግለጫ፣ የደመወዝና የጡረታ ማስረጃ፣ ቀደም ሲል የከፈላችኋቸውን ብድሮች ደረሰኝ፣ ቤቱን መርጣችሁ ከሆነም የካርታውን ቅጂ ያዙ። ባለትዳር የሆናችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ አንደኛው ብቻ ከመጣ ስሌቱን አይጀምሩም።